ጀልባችን የት ትቁም?

ማክሰኞ፣ ግንቦት 4። ጠዋት

ዛሬም ውሃ ስቀዳ ነጋ። ከውስጥ ወደ ውጭ። ሌሊት የዘነበው ሸራውን አልፎ ወለሉ ላይ ተኝቷል፤ በጆግ እየጠለቅኩ ወደ ግቢው እደፋለሁ። ውሃ እንዳይገባባት ተብላ የተሠራች ጀልባ፣ ከላይ የገባባትን ደግሞ አታስወጣም። ይህን ለባሌ ብለው ይከፋዋል። ላንተ ልበልህ ደብተሬ።

አዲስ ስለሆንክ ባጭሩ ላስተዋውቅህ፤ የፊተኛው ደብተር በዝናብ ርሶ ተበላሽቷል። ባሌ ደስታ ይባላል። ስም ያወጡለት ሰዎች ምን አስበው እንደሆነ እንጃ። ሥራው ብየዳ፣ እድገቱ አርባ ምንጭ ሐይቅ ዳር። የአገሩ ሰው የሕዝብ ማመላለሻ ጀልባ አዘዘው፤ እዚህ ለቡ መብራት ኃይል፣ የሐጂ ሱልጣን ግቢ ውስጥ ሠራት። ሥራው ሲያልቅ ያዘዘው ሰውዬ ስልኩን ዘጋ። እኛም የቤት ኪራይ ሲያቅተን ዕቃችንን ይዘን ገባንባት። እኔ፣ እሱና ቃልኪዳን፤ ሦስተኛ ክፍል የሆነችው ልጃችን። አ/አ ውስጥ ጀልባ ላይ የሚኖር ሌላ ቤተሰብ ካለ እባክህ ጠቁመኝ፤ ሄጄ ልጠይቃቸው።

ላም አለኝ በሰማይ ሲሉ እስቅ ነበር። አሁን ጀልባ አለኝ በለቡ።

ያው፣ ማታ። ሐጂ መጡ። መሰላሉን መውጣት ስለማይችሉ እኛ ወረድን። ዓይናችንን አያዩም። ግቢው ተሽጧል። ገዢው ወሩ ሲያልቅ መሠረት ያስቆፍራል። ልጆቼ፣ እኔ ብሆን ዕድሜ ልካችሁን በተቀመጣችሁ፣ አሉ። እውነታቸውን ነው። ሰውየው አንድ ቀን እንኳ ውጡ ብለውን አያውቁም። አላህ ያግራላችሁ ብለው ሄዱ።

ቦታ ካልተገኘ የሚሆነውን አውቀዋለሁ። እኔና ቃል ጎፋ፣ ታላቅ እህቴ ብርቄ ጋ። ስቱዲዮ ኮንዶሚኒየም ናት፤ ከባሏና ከልጆቿ ጋር ተጣበን። ለደስታ ግን እዚያ እግር መዘርጊያ የለም፤ ብርቄም አልደበቀችኝም። ሦስታችንን ባንድ ጣሪያ ሥር የሚያሳድር ይህ ብረት ብቻ ነው።

ሐሙስ፣ ግንቦት 6። ማታ

ፉሪ። የደስታ የአክስት ልጅ ታምራት በስልክ አምጧት ብሎ ነበር። ግቢው ሰፊ፣ ሣሩ እስከ ጉልበት። ደስታ መንገዱን ሙሉ ሲያወራ ነበር፤ የት እንደምትቆም፣ መሰላሉ በየት በኩል እንደሚሆን። እኔም ልቤ ውስጥ የልብስ ማስጫ ገመድ እየወጠርኩ።

ታምራት ሊያያት አብሮን ተመለሰ። በር ላይ ሲደርስ ቆመ። ለካ ጀልባ ሲባል ግድግዳ ላይ የምትሰቀል፣ ሁለት ሰው የሚሸከማት አድርጎ ነው ያሰባት። ዙሪያዋን ዞረ። ከሥር አየ፣ ከላይ አየ። ከዚያ እንደ አዲስ እንዴት ናችሁ፣ ጤና ነው፣ ልጅቷ እንዴት ናት ብሎ ጀመረ። ሰው ሰላምታ ከደገመ ነገሩ አልቋል ማለት ነው። ሻይ እንኳ ሳይጠጣ ሄደ።

ያስብበታል አለኝ ደስታ። ያልተጠጣውን ሻይ ደፋሁ።

እሁድ፣ ግንቦት 9። ከሰዓት

ቤ/ክ ዋልን። ፓስተር ከአዳራሹ ጀርባ ያለውን ባዶ ቦታ ሰጡን። ሰጡን! እንደዋዛ፣ ከአምልኮ በኋላ በር ላይ ቆመው። እጃቸውን ስሜ ነበር ማለት ይቻላል። ቃል ከሰንበት ት/ቤት ስትወጣ ነገርኳትና ዘለለች።

ዛሬ ወጥ በሥጋ ሠራሁ። አጉል ነኝ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 12። ማታ

ሰዉ ሰማ። ጀልባዋን ድሮም የሰፈሩ ልጆች የኖኅ መርከብ ነው የሚሏት፤ ያ ቀልድ ነው፣ ለምደነዋል። የምእመናኑ ግን ቀልድ አይደለም። ከትናንት ጀምሮ ሐጂ ግቢ ድረስ እየመጡ እጃቸውን ብረቱ ላይ ጭነው ይጸልያሉ። አንዲት እናት ዘይት ይዘው መጡ። ሌላዋ በራእይ አየኋት አለች፤ ሰማያዊ ናት አለች። ሰማያዊ መሆኗን ለማየት ራእይ አያስፈልግም፣ በሩ ክፍት ነው። ሐጂ ከመስጊድ ሲመለሱ ግቢያቸው ውስጥ የሚዘምር ሰው አገኙ። ፈገግ ብለው አለፉ፤ እኔ ነኝ በሐፍረት መሬት የገባሁት።

ማታ ሽማግሌዎቹ ደስታን ጠሩት። ነገሩ ሕዝቡን ከጌታ ወደ ብረት እየወሰደው ነው አሉ። ቦታው ይቅር። ፓስተር ትከሻውን ይዘው እንጸልይበታለን አሉት። አንዳንድ ጊዜ እንጸልይበታለን ማለት አይሆንም ማለት እንደሆነ ያልገባው እሱ ብቻ ነው። እየጠበቀ ነው እስካሁን።

ዓርብ፣ ግንቦት 14። ምሳ ሰዓት

ደንብ አስከባሪዎች መጡ። ሁለት ወጣቶች፣ ትሑት ናቸው፣ ክፉ አይደሉም። ጥያቄያቸው አንድ፤ ቤት ነው ወይስ መኪና? ቤት ከሆነ ግንባታ ነውና ፈቃድ አምጡ። መኪና ከሆነ ሰሌዳ አሳዩ። ደስታ ጀልባ ናት አላቸው። እንደገና ጠየቁት። ጀልባ ናት። ወደ ጽ/ቤት ደወሉ። እዚያም ያለው ሰው ቤት ነው መኪና ብሎ ሲጠይቅ ከስልኩ ውስጥ ሰማሁት።

ትልቁ ልጅ ከልቡ ነው ያዘነው። እናቴ፣ አንዱን ብትሆን እኮ እንረዳችሁ ነበር አለኝ። የት ብናቆማት አትነኩንም አልኩት። አሰበ። የራሳችሁ ካርታ ያለው ቦታ ላይ አለ። ካርታ ቢኖረን ጀልባ ውስጥ ምን እንሠራለን? ይህን አላልኩትም። አሁን ላንተ እላለሁ።

ከመሄዳቸው በፊት ከጀልባዋ ጋር ፎቶ ተነሡ።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 15። ማታ

ደስታ ጠዋት ፊቱ በርቶ ተነሣ። ከሰፈሩ በታች፣ ወንዙ ዳር ሜዳ አይቻለሁ አለ። ወንዝ ቢሉት ይሻላል ብዬ ነው፤ የሁላችን እጣቢ የሚወርድበት ነው። ቢሆንም ውሃ ነው። ጀልባ ውሃ ዳር ብትቆም ማን ምን ይላል? ይህን ሲለኝ እኔም አመንኩ። እንዴት አይታመንም!

ሦስታችንም ሄድን። ሜዳው ታጥሯል፣ ችግኝ ተተክሏል። ጥበቃው ሽማግሌ ናቸው፤ ቀስ ብለው አስረዱን። ወንዝ ዳር ምንም ነገር ማቆም ክልክል ነው። ጀልባስ አላቸው ደስታ። በተለይ እንዲህ ያለ ነገር አሉ።

ደስታ ሳቀ። ከስንት ጊዜ በኋላ። ቃልም አባቷ ሲስቅ አይታ ሳቀች፣ ጥበቃውም ሳቁ። እሱ ግን አላቆመም። ሳቁ ተቀየረና ትከሻው መንቀጥቀጥ ጀመረ። ቃልን እጇን ይዤ ችግኝ ላሳይሽ ብዬ ወሰድኳት። ከአንጀት ካለቀሱ እንባ አይገድም ይባላል። የእሱ ገደደው። ድምፅ ብቻ።

ደብተሬ፣ እኔ ደክሞኛል።

ማክሰኞ፣ ግንቦት 18። ጠዋት

ተጣላን። ለቁራሌው ቆራርጠን እንስጣት አልኩ። ቢያንስ የአንድ ክፍል ቤት ቀብድ ትሆናለች። ባሕር በሌለበት ከተማ ጀልባ የሚሠራ ሰው አግብቼ ነው አልኩት። ሚስት ለባሏ የማትለውን ሁሉ አልኩ። እሱ ግሪሱን ከእጁ እየጠረገ ይሰማኛል። በመጨረሻ ያለው አንድ ነገር፤ እጄ ከዚህ የተሻለ ሠርቶ አያውቅም።

እሱም እውነቱን ነው። ብየዳውን ዳስሰህ አታገኘውም፤ ቆዳ ነው የሚመስለው። በር ላይ ያለው ቆመህ የምታልፍበት ቅስት፣ ለቁመቴ ለክቶ ነው የሠራው።

አላናገረኝም። ቁርስ አልበላም። ቃል ወደ ት/ቤት ስትሄድ ሁለታችንንም አቅፋ ሄደች፤ አንዳችንን በአንድ እጅ።

ሐሙስ፣ ግንቦት 20። ማታ

ፀጉር ቤት። (ሹሩባ እሠራለሁ፣ ለቡ መንገዱ ላይ፤ ይህንን አልነገርኩህም ነበር።) አንዲት ደንበኛዬ፣ ወ/ሮ ሜሮን፣ ባሏ ፉሪ ላይ ላውንጅ እየከፈተ እንደሆነ ታወራለች። ሰው ፎቶ የሚነሣበት ልዩ ነገር ፈልጎ አጣ፤ አውሮፕላን አስቦ ነበር፣ ባቡር አስቦ ነበር። እጄ ቆመ። ፀጉሯን እንደያዝኩ በሌላው እጄ ስልኬን አውጥቼ አሳየኋት። ጮኸች። እዚያው ደወለችለት። ነገ ወዲያ ይመጣል።

ለደስታ ነገርኩት። አናገረኝ። ሰፊ ግቢ ነው ወይ አለኝ። የራሱ ካርታ ያለው ሰው ነው አልኩት። በእጁ ፊቱን ሸፈነ።

ፈራሁ ተስፋ ማድረግ። አደረግሁ ግን።

ቅዳሜ፣ ግንቦት 22። ከሰዓት

መጣ። አቶ ዮናስ ይባላል። ጫማውን አውልቆ ነው የገባው! የትኛውም እንግዳ ያላደረገውን። አግዳሚዎቹን ዳሰሰ፣ ጣሪያውን ዳሰሰ፣ ደስታን ወንድሜ አንተ ሠዓሊ ነህ አለው። ክሬኑም፣ የሚጭናት ሎቤድ መኪናም በእኔ አለ። ቦታዋን በስልኩ አሳየን፤ የሲሚንቶ መደብ፣ ዙሪያው አበባ፣ አጥሩ ግንብ። ማንም አያነሣትም፣ እስከ ዘለዓለም አለ። ቃል እጄን ጨመቀችው።

ከዚያ ዕቃችሁን መቼ ታወጣላችሁ አለ።

ያልገባን መሰለው። ደገመው፣ በለሰለሰ ድምፅ። እሱ የሚፈልገው ጀልባዋን ነው። ሰው የሚኖርበት ላውንጅ የለም፣ ይህን እኔም አላጣሁትም። ግን ለደስታ አሰበለት። ጥበቃ ይሆናል። ማታ ማታ እዚያው ውስጥ ያድራል፣ ደመወዝ አለው፣ ጀልባዋ ብትበላሽ እሱው ይጠግናታል። ብቻውን። ቤተሰብ አይሆንም።

የፈሩት ይደርሳል።

ሰኞ፣ ግንቦት 24። ጠዋት

ዛሬ መልስ ይጠብቃል። ደስታ እኔን ያያል። ከትናንት ጀምሮ የሚያየው እኔን ነው። እምቢ ብል እምቢ ይላል፤ መንገድ ላይ ሸራ ወጥረን እንደር ብለው ያድራል። ሐጂ ዛሬም ቀን አልጨመሩም፣ አይችሉም፤ የገዢው ሰዎች ገመድ እየወጠሩ ኖራ እያሰመሩ ነው። አንዱ መስመር በጀልባዋ ሥር ያልፋል።

ቁራሌውን አሰብኩ። ብትቆረጥ የቤት ቀብድ ትሆናለች፣ ሦስታችንም አብረን እንሆናለን። ከዚያ የደስታን የእጁን ነገር አሰብኩ። እሱ በመጋዝ ድምፅ ውስጥ ቆሞ ሲያይ። ከዚያ በኋላ አብሮኝ የሚኖረው ማን ነው? ስሙ ብቻ ነው።

እሺ በለው አልኩት። ድምፄ ደህና ነበር። ብርቄ ጋም ደወልኩ።

ረቡዕ፣ ግንቦት 26። ማታ። ጎፋ

አነሷት። ክሬኑ ሲያወጣት ሰፈሩ በሙሉ ወጥቶ ስልኩን ደቅኗል። እልል የሚሉም አሉ። ሆዷን ከታች ሳየው የመጀመሪያዬ ነው፤ ልስልስ ያለ፣ ምንም ውሃ ያልነካው። ደስታ ግራ፣ ቀኝ፣ ቀስ እያለ በእጁ ይመራል። በሎቤድ ስትሄድ ቃል እየሮጠች ተከተለቻት፣ እስከ አስፋልቱ። መልሼ አመጣኋት። ሐጂ በር ላይ ቆመው ነበር፤ ልጃችንን ግንባሯን ሳሟት።

ብርቄ ፍራሹን ከሶፋው ሥር አዘጋጅታለች። ደግ ናት። ቃል አባዬ መቼ ይመጣል አለችኝ። ባሏ ቴሌቪዥኑን ከፍ አደረገው። እንዳይሰማን ብሎ ነው፣ ለደግ ነው።

ዓርብ፣ ግንቦት 28። ማታ

ደስታ ደወለ። ደህና ነው። ካፖርት ሰጥተውታል፣ ይሞቃል ይላል። ዝናቡ አሁን አይገባም፣ አቶ ዮናስ ቆርቆሮ አልብሷታል። አግዳሚዎቹ ተነሥተው ጠረጴዛ ገብቷል። እሱ የሚተኛው የመጨረሻው ሰው ከወጣ በኋላ፣ ወንበር ገጥሞ። እሁድ ይከፈታል። ኑና እዩኝ ሊል ፈልጎ አልወጣለትም። እንምጣ ወይ ብዬ ጠየቅኩት። ሠራተኛ ቤተሰብ እንዳያስገባ ተነግሮታል። ደንበኛ ከሆነ ግን ማንም ይገባል አለኝ። ይህን ሲለኝ ድምፁ ወረደ፣ ከዚያ ኔትወርክ ነው አለ።

አልቅሼ ጨረስኩ። ብርቄ እንዳትሰማ ሽንት ቤት ውሃ ከፍቼ።

ወሰንኩ። እሁድ ቃልን አለብሳታለሁ፣ የገናውን ቀሚስ። ፀጉሯን ነገ እሠራታለሁ። በበር በኩል እንገባለን፤ እሱ ይፈትሸናል፣ ይፈትሸን። አንድ ለስላሳ ለሁለት እናዛለን። ቀስ ብለን እንጠጣለን፣ አስተናጋጁ እስኪያስነሣን ድረስ፣ ቤታችን ውስጥ።