የሹሙን ገንዳ በረዶ ላይ ጥለው የተመለሱት ወይዘሮ ሩፕሲ ዴቪ ዐረፉ
ከሴንጃሊ ገበሬዎች ማኅበር

የማኅበራችን መሥራችና ሊቀ መንበር ወይዘሮ ሩፕሲ ዴቪ ትናንት ማክሰኞ ማምሻውን በመኖሪያ ቤታቸው ዐርፈዋል። ማኅበራችን በከባድ ሐዘን ላይ ይገኛል።

ወይዘሮ ሩፕሲ የተወለዱት ከተራራው መተላለፊያ በታች ባለችው የሴንጃሊ መንደር፣ በዳኖግ ነው። ያደጉበት ሥርዓት ግልጽ ነበር፦ ንጉሣችን ለእንግሊዞች ይታዘዛሉ፣ እኛ ለንጉሣችን። የእንግሊዙ ሹም ወደ ተራራው ሲወጣ እያንዳንዱ ቤት ያለ ክፍያ ሸካሚ ያቀርባል።

በ1921 ባለቤታቸው አቶ ጊያሩ የሹሙን የቆርቆሮ መታጠቢያ ገንዳ እንደተሸከሙ መተላለፊያው ላይ በበረዶ ሞቱ። ቤተ መንግሥቱ ገንዳውን የሚያደርስ ሌላ ሰው ከዚያው ቤት ጠየቀ። ወይዘሮ ሩፕሲ ራሳቸው ወጡ። የባለቤታቸውን አስከሬን ይዘው ተመለሱ፤ ገንዳው እዚያው ቀረ።

በዚያው ዓመት የዘር ወቅት የአባቶቻችንን ዱም፣ ሥራ ጥሎ ደን የመግባቱን ዐመፅ፣ መሩ። ቤት ተቆለፈ፤ እርሻ ተተወ፤ ሰውም ከብትም ወደ ዝግባው ደን ወጣ። ሊያግባባ የመጣው የቤተ መንግሥት ሹም፣ «እህቴ፣ ንጉሡ አባታችሁ አይደሉም እንዴ? ልጅ ከአባቱ ቤት ይኮበልላል?» ቢላቸው፣ «አይ ጌቶች! የትኛው አባት ነው ልጁን ለፈረንጅ በቅሎ አድርጎ የሚያውሰው? ደሞስ ሰውየው ምን ቢያድፍ ነው ገንዳው ተራራ ድረስ የሚከተለው?» ብለው መለሱ። በደኑ ያለው ሁሉ ሳቀ። የዘሩ ጊዜ ሊያልፍ ሲቃረብ፣ በእርሻና በበረዶ ወራት ማንም ለሸክም እንዳይጠራ ታወጀ።

በ1930 አዋጁ ሲጣስ ተቃውመው ታሰሩ። የገደላቸው የሳንባ ሕመም ከእስር ቤት ይዘውት የወጡት ነው። ይህን ማኅበራችን በይፋ ይናገራል።

ዛሬ ጎሕ ሲቀድ፣ አስከሬናቸው ከቤት ሳይወጣ፣ ከቤተ መንግሥት ትእዛዝ ደረሰን። የእንግሊዙ ሹም ለአደን ስለሚወጣ እስከ ቀትር ከየቤቱ አንድ ሸካሚ ይቅረብ ይላል። ወሩ የዘር ወር ነው። ትእዛዙ ደርሶናል፤ አንፈጽመውም።

ዛሬ ቀትር ላይ የሴንጃሊ ሰው የሚሸከመው የወይዘሮ ሩፕሲን ቃሬዛ ብቻ ነው። ወንዙ ዳር አስከሬናቸው የሚቃጠልበት እሳት ሲበርድ፣ እያንዳንዱ አባል ቤቱን ቆልፎ ወደ ደኑ ይወጣል።

ለልጃቸው ለአቶ ሞቲራም፣ ለመላው ቤተሰባቸውና በ1921 አብረዋቸው ደን ለከረሙት ሁሉ መጽናናትን እንመኛለን።

ለቅሶ መድረስ የሚሻ የቤተ መንግሥት ሹም ካለ፣ የምንገኘው ደኑ ውስጥ ነው። ጓዙን ግን ራሱ ተሸክሞ ይምጣ።