ጡንቻ የመሰለኝ ውሃ

ሰኞ፣ ጥር 4
ከሥራ ቀጥታ ወደ ጂም። ሲታክ ኤርፖርት ሻንጣ ስጭን ውዬ ደግሞ ብረት... ክሬቲን የሚባለውን የጡንቻ ማዳበሪያ ዱቄት ከጀመርኩ ወዲህ ክብደቴ ጨምሯል። ሸሚዜ ክንዴ ላይ ጠበበኝ። ያስጀመረኝ ጌዴዎን ነው፣ የጂም ጓደኛዬ። ብዙም አትኩራራ፣ ዱቄቱ ጡንቻ ውስጥ ውሃ ስለሚይዝ ነው አለኝ። ውሃም ቢሆን ያምራል።

ረቡዕ፣ ጥር 13
እህቴን ሃሴትን ከኩላሊት እጥበት አውጥቼ ሬኒየር ቢች ሰፈር ቤቷ አደረስኳት። እንደ ሁልጊዜው መኪና ውስጥ እንቅልፍ ወሰዳት። ሆስፒታሉ ኮል አድርጎልኝ ነበር፤ ደማችን ይስማማል። የቀረውን ምርመራ ካለፍኩ ኩላሊቴን መስጠት እችላለሁ! ስትነቃ ነገርኳት። ደስ ይላታል ብዬ... ፊቷን ወደ መንገዱ አዞረች። "አንተስ?" አለች። እኔስ ምን እሆናለሁ?

ማክሰኞ፣ ጥር 26
የምርመራዬ ውጤት መጣ። ክሬቲኒን የሚሉት ከፍ ብሏል። ኩላሊት ሲደክም ደም ውስጥ የሚጠራቀም ነገር ነው። ነርሷ የምትወስደው ነገር አለ ወይ አለችኝ። ዱቄቱን ነገርኳት። ኦኬ፣ ኩላሊትህ ደህና ቢሆንም ዱቄቱ ብቻውን ቁጥሩን ከፍ ሊያደርገው ይችላል፤ አቁምና እንደገና እናየዋለን አለች። ቤት ስገባ የዱቄቱን ቆርቆሮ እንዳለ ጣልኩት።
ዱቄቱ ነው። ሌላ ምን ይሆናል?

ቅዳሜ፣ የካቲት 7
ክብደቴ እየወረደ ነው። ክንዴም ሟሸሸ። ያ ሁሉ ልፋት ለካ አብዛኛው ውሃ ኖሯል። ጌዴዎን አዘነልኝ። እኔ ግን በመስታወት ሳየው ደስ አለኝ... ውሃው ከወጣ ዱቄቱም ወጥቷል ማለት ነዋ። ቁጥሩም አብሮ ይወርዳል።

ዓርብ፣ የካቲት 20
አልወረደም።

ቅዳሜ፣ የካቲት 21
ትናንት ከዚያ በላይ መጻፍ አቃተኝ። ዱቄቱ አይደለም። ሽንቴ ውስጥ ፕሮቲን ተገኘ፤ ኩላሊት ሲጎዳ የሚያፈሰው ነው አሉ። በዘር የሚሄድ ነው፤ የሃሴት በሽታ እኔም ላይ ጀምሯል። ዶክተሩ "መስጠት አትችልም" አለኝ። ከዚያ ስለ መድኃኒት፣ ስለ ጨው፣ ስለ ክትትል... ከዚያ በኋላ ያለውን አልሰማሁትም።
አባታችን ሲሞት እግሩ አብጦ ነበር። ውሃ ቋጥሮ ነው ይሉ ነበር ጎረቤቶች። ማን መረመረው?
ለእሷ ሌላ ሰጪ ከየት ይመጣል? ከእኔ ሌላ ማን አላት?

እሑድ፣ መጋቢት 6
ነገርኳት። ስለ ራሷ የምትጠይቀኝ መስሎኝ ነበር። ያንተ ኩላሊት ምን ያህል ይቆያል አለችኝ። ከተጠነቀቅኩ ብዙ ዓመት አልኳት። ሊሆንም ላይሆንም ይችላል... አለቀሰች። እጥበት ከጀመረች ወዲህ ስታለቅስ አይቻት አላውቅም።
"አንተን ጤነኛ ሆነህ ሳይህ ነበር የምበረታው" አለች።

ሐሙስ፣ መጋቢት 17
የመጀመሪያ የኩላሊት ቀጠሮዬ። አትምጪ ብላት እምቢ አለች። የትናንቱ እጥበት አድክሟት ክንዴን ተደግፋ ገባች። ነርሷ ወንበር ለእሷ አቀረበች፣ የደም ግፊት መለኪያውንም ይዛ ወደ እሷ ሄደች። ሃሴት እጅጌዋን መሰብሰብ ጀምራ ነበር፣ ለምዶባት። ቆም አለችና አየችኝ።
"ታካሚው እኔ ነኝ" አልኩ።