በምንጩ ዳር ያንተ ቦታ

ውድ ባለቤቴ አበራ፣

አንተ ከተለየኸን ወዲህ ይህ ሁለተኛው የብርድ ወራት ነው። እዚህ ከሆሊውድ አጠገብ፣ ፌርፋክስ፣ ብርድ ማለት ሹራብ መደረብ መሆኑን ታውቃለህ። ቤቱ ብዙም አልተለወጠም። ከታች የነበረው ልብስ ሰፊ ዘግቶ ሄደ፣ በቦታው ስልክ የሚጠግኑ ልጆች ገቡ። ልጃችን ሳሮን እሁድ እሁድ ከግሌንዴል ትመጣለች። ትልቁ ፍሪዘርህ ባዶውን ቢቀርም ከመብራት አልነቀልኩትም፤ ድምፁን ለምጄዋለሁ።

የምጽፍልህ ግን ስለ ቤቱ አይደለም። ቀንቼ ነው። በገዛ ልጃችን።

አደን የምትሄድባቸውን ቀናት እንደ ዕረፍት ነበር የምቆጥራቸው። አንተና ሳሮን የሆቴል ሥራ ባልደረባህ ቤተሰብ ተራራ ላይ ባላቸው መሬት ብርድ ስትጠጡ ቆይታችሁ ትመጣላችሁ፤ ጾሙ ገብቶ ስለሚሆን ሥጋው ፍሪዘር ውስጥ ገናን ይጠብቃል፤ በገና ቀን ጠብሼ እንበላለን። ከዚያ ያለፈ ጠይቄህ አላውቅም፣ አንተም ወሬ አታበዛም።

በለቅሶህ ሰሞን ቤቱ በሰው ተሞልቶ እያለ፣ ጎረቤታችን እትዬ ብርቄ ሳሮንን፣ “አባትሽ እዚያ በረዶ ውስጥ ምን ያደርግ ነበር?” አሏት። እሷም ዓይኗ እንባ እንደያዘ፣ “ይሮጥ ነበር!” አለች። “አጋዘኑ ሲወድቅ ባባ ቢላውን ይዞ እንደ ጉድ ይሮጣል። ነፍሱ ሳይወጣ ደርሶ በስመ አብ ብሎ ለማረድ። አለበለዚያማ እማዬ፣ ኖ ዌይ፣ አትበላም።” ለቀስተኛው ሁሉ ሳቀ። እኔም ሳቅኩ።

ስትሮጥ ግን አይቼህ አላውቅም። አውቶቡስ እያየኸው ቢያመልጥህ እንኳ ቆመህ የሚቀጥለውን የምትጠብቅ ሰው ነበርክ። ለእኔ ብለህ የሮጥከውን ሩጫ ያየችው እሷ ናት። ቅናቱ ያን ዕለት ጀመረኝ። ከዚያ በኋላ ሳሮን አንድ ነገር ባወራችኝ ቁጥር፣ ሻዩን በቴርሞሱ ክዳን እንዴት እንደምታካፍላት፣ እጇ ሲደነዝዝ በብብትህ እንደምታሞቅላት፣ እየሰማሁ ፈገግ እልና ማታ እናደዳለሁ።

ዘንድሮ ብርዱ ሲገባ አደን ልትሄድ መሆኑን ነገረችኝ። ጠመንጃው በሕጉ መሠረት ወደ ስሟ ዞሯል፣ ፈቃዱንም አውጥታለች። እኔም እሄዳለሁ አልኳት። የመኪናዋን ቁልፍ በጣቷ አዞረች። “እማዬ፣ እዚያ እኮ የእኔና የባባ ቦታ ነው” አለችኝ። “ባሌ እኮ ነው!” አልኳት። ሁለታችንም ድምፃችን ከፍ ብሎ ነበር። በመጨረሻ፣ “ኦኬ። መንቀሳቀስ የለም፣ ማውራት የለም፣ ማሳል ራሱ የለም። ዲል?” አለች። “ዲል” አልኩ።

አበራዬ፣ እንዲህ ያለ ብርድ መኖሩን ለምን አልነገርከኝም? እዚያ ደርሰን ጎህ ሳይቀድ ከመኪናው ስንወጣ ትንፋሼ ሻሼ ላይ ደረቀ። ኩሬው ከዳር እስከ ዳር በረዶ ሆኗል፤ ምንጩ ከሥር በሚወጣበት በኩል ብቻ አንድ ጠባብ ውኃ ክፍት ቀርቷል። የሚጠጣ ሁሉ ወደዚያ መምጣቱ ግድ ነው። ከወደቀው ግንድ ኋላ ሁለት ጠፍጣፋ ድንጋዮች አሉ። ሳሮን በአንዱ ተቀመጠች፤ በሌላው፣ ያንተ መሆኑን ሳትነግረኝ ባወቅኩት ላይ፣ ቦርሳዋን አስቀመጠች። እኔ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። እንዳልናገር ዲል አለብኝ።

አጋዘኑ ነፋሱን እያሸተተ፣ እየቆመ፣ በረዶውን በኮቴው እየሞከረ መጣ። አንገቱን ወደ ውኃው ዝቅ አድርጎ ጠጣ። ቀና ሲል ተኮሰች። ወደቀ። እሷም ጠመንጃውን አስተካክላ አስቀምጣ ቢላዋን መዘዘችና ሮጠች። ሴት አታርድም ልላት አፌን ከፍቼ ነበር፤ መልሼ ዘጋሁት። በስመ አብ ወወልድ ስትል ከሩቅ ሰማሁ፣ በዚያ በተሰበረ አማርኛዋ። ሩጫዋ ያንተን ይምሰል አይምሰል ግን ላውቅ አልቻልኩም። የማወዳድርበት የለኝም። የባሰ ቀናሁ።

ሥራው ሁሉ አልቆ መኪና ውስጥ ስንሞቅ፣ ሳሮን መሪውን እንደያዘች፣ “ባባ ወጣት እያለ ምን ዓይነት ሰው ነበር?” ብላ ጠየቀችኝ። “እኔ ሳልወለድ ስለነበረው ጊዜ ምንም ነግሮኝ አያውቅም። አንቺ ሁሉንም ታውቂያለሽ።” ድምፁን ወዲያው ለየሁት። ዓመቱን ሙሉ በውስጤ የያዝኩት ድምፅ ነው። ልጅህ በእኔ ቀንታ ኖሯል! ደስ አለኝ፣ ምን ልበልህ።

ስለዚህ ነገርኳት። ሆሊውድ በአንድ ክፍል ስንኖር፣ አንድ እሁድ ጠዋት በሆቴሉ ፓርኪንግ ላይኛው ፎቅ መኪና መንዳት ልታስተምረኝ እንደወሰድከኝ። ፍሬን ያዢ ስትለኝ ነዳጅ እንደረገጥኩ። መኪናው ልታቆምለት የተቀበልከው የሆቴሉ እንግዳ መሆኑን ያን ጊዜ እንደነገርከኝ። አለቃህ በደረጃው እየወጣ ሲጣራ ድምፁ እስከተሰማበት ድረስ ተረኩላትና እዚያ ላይ አቆምኩ።

“ከዚያስ?” አለች።

“የቀረው የሚመጣው ዓመት። ምንጩ ዳር።”

“እማዬ! ይሄ ብላክሜል ነው፣ ኦ ማይ ጋድ!” አለች፣ እየሳቀችም እየተናደደችም። እኔ መስኮቱን አየሁ።

እሷ የማታውቀው አንተ እኔ ዘንድ ብዙ ነህ። ጠዋት ጠዋት ከአልጋ ሳልወርድ አንዱን አወጣለሁ፣ የትኛው ሸሚዝ እንደነበር፣ ምን እንዳልከኝ፣ እኔ ምን እንደመለስኩ አጣራለሁ፣ መልሼ አስቀምጣለሁ። በየብርዱ አንድ አንድ እሰጣታለሁ፤ ያውም ግማሹን። ስለዚህ ትረሳኛለች ብለህ አትስጋ። ከረሳሁህ ወደ ምንጩ የሚወስደኝ የለም።

ባለቤትህ አስቴር