ሂካ ያልዘጋው ዲስክ

መቱ፣ ኅዳር 2001 ዓ.ም.

ለውድ እህቴ ለእትዬ ዘውደነሽ፣

የሁላችንም ሰላምታ ሻርጃ ድረስ ይድረስዎ። እኛ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ቡናውም ዘንድሮ ጥሩ ይዟል።

የላኩልን ባዶ ዲቪዲዎች ደርሰዋል፤ እጅዎ ይባረክ! ሁሉም አንድ መስለውኝ ነበር፤ ልዩነቱን ያስተማረኝ የቪዲዮ ቤቱ ሂካ ነው። የፕላስ ምልክት የተጻፈበትን ዲስክ የእሱ ማሽን አይቀበልም። ማይነስ አር የሚለው አንዴ ከተቀዳበት አይጠፋም። አር ደብሊው የሚለው ግን እየጠፋ ደጋግሞ ይቀዳበታል።

ይህን ያወቅሁት ካጠፋሁ በኋላ ነው። አባባ በክረምት እርስዎን የመረቁትን አር ደብሊው ላይ ቀድተን ነበር፤ ግማሽ ሰዓት ሙሉ፣ ከነቀልዳቸው። እንዲያባዛልኝ ብዬ ምንም ሳልናገር የሂካ ጠረጴዛ ላይ ትቼው ሄድኩ። እዚህ ሰው አር ደብሊው የሚያመጣው አዲስ ፊልም ሊያስጭን ነውና፣ እሱም አጥፍቶ ፊልም ጫነበት።

አባባ አልተቆጡም። ለምርመራ ጅማ ወስደናቸው በተመለስን በሳምንቱ በማይጠፋው ላይ እንደገና መረቁዎት። የአሁኑ አራት ደቂቃ ነው። ሂካ ካሜራውን ይዞ ቤት ድረስ መጣልን፤ ኮታቸው ከትከሻቸው እየወረደ ቀረጻውን ሁለቴ አቁሞ አስተካከለላቸው። ሳንቲም አልቀበልም አለ፣ ዕድሜ ይስጠው!

ቀረጻው ሲያልቅ በማሽኑ ዲስኩን መዝጋት የሚሉት ነገር አለ፤ ከተዘጋ ሌላ አይጨመርበትም። ሂካ "ልዝጋው?" ሲል አባባ "ተወው፤ ዘውዴ ከጎኔ ተቀምጣ አሜን ትበልበት" አሉ። ካልተዘጋ ደግሞ ከሂካ ማሽን በቀር የትም አይከፈትምና አልላክሁልዎትም።

ለፋሲካ እመጣለሁ ብለው ነበር። ለገና አይሆንም?

እጅ ነስታ የምትሰናበትዎ ታናሽ እህትዎ፣
ትህትና