ጭራሮ ብላችሁ ስትጣሩ

ይድረስ ለእታለም፣

እንዴት ሰነበትሽልኝ እህቴ? የእማዬ ጉልበት በዚህ ብርድ እንዴት ሆነ? አባባስ ሳሉ ለቀቀው ወይስ ዛሬም ሐኪሙን እያማ መድኃኒቱን ይደብቃል? ባልሽ አዲሱ ሥራ ተስማማው? እኔ አካሌ ደህና ነው። ልቤን ግን አትጠይቂኝ፣ እናንተው ዘንድ ነው ያለው።

ባለፈው እሁድ ስደውል እማዬ በወሬያችን መሃል ስልኩን ከጆሮዋ አርቃ ወደ ግቢው «ጭራሮ!» ብላ ተጣራች። እኔም እዚህ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀምጬ «አቤት!» አልኩ። ማንም አልሰማኝም። ልጅሽ እየሮጠ መጣ መሰለኝ፣ እጅህን ታጠብ ስትለው ሰማሁ። እንደኔ ቀጭን ሆነና የቤት ስሜን አወረሳችሁት፣ ይሁን። ግን እታለም፣ ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ አለቀስኩ። እዚህ በዚያ ስም የሚጠራኝ የለም። ሥራ ቦታ መታወቂያዬ ላይ ባለው ይጠሩኛል፣ እሱንም አጣመው።

ሥራህ ምንድን ነው እያልሽ ስትጨቀጭቂኝ ነበር፣ ዛሬ ልንገርሽ። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ በስልኩ ብርድ ልብስና አንሶላ የሚያዝበትን ድረ ገጽ ነው የምንሠራው። ኮምፒውተሩ የሚይዘው ነገር ሁሉ፣ የደንበኛው አድራሻ ይሁን ያዘዘው ዕቃ፣ ስም ይሰጠዋል። የጓዳሽን ጣሳዎች አስቢ። ስም ሳትጽፊባቸው ደርድረሽ አባባ ሻዩ ውስጥ ጨው የጨመረ ዕለት የሆነውን አትረሺውም። እኛም ጋ ሕግ አለው። ስም በቁጥር አይጀምርም፣ በመሃሉ ክፍት ቦታ አይገባም፣ አንዳንዱን ቃል ደግሞ ማሽኑ ለራሱ ስለያዘው አይነካም። ይህን ብትስቺ ወዲያው ይጮኽብሻል። ሲጮኽ ደግ ነው።

እኔ የሳትኩት የማይጮኽበትን ነው። አንዲት አሮጊት እናት ቤት ቀይረው አዲሱን አድራሻ ሞሉ። ገጹም ተቀብለናል አላቸው። ብርድ ልብሱ ግን አሮጌው ቤት ሄደ። በምትኩ የተላከውም እዚያው ሄደ። ደውለው፣ ልጄ፣ እኔ እኮ አሁን እዚያ አልኖርም አሉኝ። ዝም አይነቅዝም ይባላል፣ የዚህ ማሽን ዝምታ ግን ነቀዘብኝ። ስህተቱን ቀኑን ሙሉ ብፈልግ አጣሁት። በመጨረሻ አለቃዬ፣ ጥርሷን አይቼው የማላውቀው ሴት፣ ወንበር ስባ አጠገቤ ተቀመጠች።

ፕሮግራሙ እንደ ቤት ክፍል ክፍል አለው። ከክፍሎቹ ውጭ «አድራሻ» ብዬ የሰየምኩት እያለ፣ በአንዷ ጠባብ ክፍል ውስጥ ሳላስበው ሌላ «አድራሻ» ፈጥሬአለሁ። ሴትዮዋ የሞሉት ውስጠኛው ላይ ተጻፈ፣ ክፍሉ ሥራውን ሲጨርስም አብሮ ጠፋ። የውጭው እንደነበረ ቀረ። ሁለት ነገር በአንድ ስም ስትጠራ የሚሰማህ ውስጥ ያለው ነው፣ ውጭ ያለው ተጠራሁም አይል አለችኝ። ማሽኑ ይህን እንደ ስህተት አይቆጥረውም፣ ስለዚህ አይነግርህም፣ ከሁለቱ የአንዱን ስም ቀይር ብላ ተነሳች። ለምን እንደፈዘዝኩ አላወቀችም። ቀየርኩት፣ የሴትዮዋም ብርድ ልብስ ደረሰላቸው።

እውነቱን ልንገርሽ፣ ይህን ደብዳቤ ስጀምር የልጁን ስም ቀይሩልኝ ልልሽ ነበር። ጉንጩ፣ ድንቡሼ፣ ሯጩ እያልኩ ሳወጣና ሳወርድ ቆየሁ። ድንቡሼማ ለዚያ አጥንት! ከዚያ አፈርኩ። ልጁ ምን አጠፋ፣ ሲጠሩት መጣ እንጂ። እማዬም ያንን ስም ሳትጠራ መዋል ከብዷት ይሆናል። ከዓይን የራቀ ከልብ ይርቃል የሚሉት በእኔ እንዳይደርስ ነው የምፈራው። አትቀይሩበት፣ ይጠራበት።

የአባባን ጉልበት ሳሚልኝ፣ መድኃኒቱንም ዓይንሽ እያየ ይዋጥ። ባልሽን ሰላም በይልኝ፣ የላከልኝ ሹራብ ልክክ ብሎኛል። የልጅሽን ሁለቱንም ጉንጮች ሳሚልኝ። እማዬን ደግሞ አንድ ነገር ለምኝልኝ። እሁድ ስደውል ስልኩን ከጆሮዋ ሳታርቅ ወደ ግቢው ዞራ ጭራሮ ብላ ትጣራ። አንቺ የትንሹን እጅ ያዝ አድርጊልኝ፣ ለአንድ አፍታ አይሩጥ። እኔ አቤት ልበላት።

ወንድምሽ ጭራሮ
ከኪራይ ክፍሌ፣ ረቡዕ፣ ጥር 12