ፀሐይ በሁለት ፊደል

ሰኞ፣ ሚያዝያ 19

ሁለቱ ላይ «ፀሐይ» ይላል፤ ሦስተኛው ላይ «ጸሀይ»። ከጠዋት ጀምሬ ሳየው ዋልኩ። ስልኬን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ፣ አርቄ፣ አንድ ዓይኔን ጨፍኜ። ያው ነው።

በጾም ጭንቅላቴ እየተንሳፈፈ ስለሆነ ለራሴ ከመጀመሪያው ልጻፈው፤ አለዚያ ነገ ሳነበው አይገባኝም። ሥራዬ የጨረር መሣሪያ ያላቸውን ቦታዎች መቆጣጠር ነው። ሆስፒታል፣ የጥርስ ክሊኒክ፣ ፋብሪካ። ፈቃድ የሰጠናቸውን ሁሉ በየዓመቱ ሄጄ በዓይኔ አይ ነበር። ኮሮና ከገባ ወዲህ ግን መሥሪያ ቤታችን የሚገባው በተራ ነው፤ እኔ ከካዛንቺስ ቤታችን፣ ከእናቴ አልጋ አጠገብ ተቀምጬ በስልክ እቆጣጠራለሁ። ዘዴውን ያመጣሁት እኔ ነኝ፣ ተመስግኜበታለሁም። ጠዋት አንድ ቃል እመርጣለሁ። የዕለቱ ተረኞች ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፈው መሣሪያው ላይ ይለጥፉና ቁጥሩ እንዲታይ አድርገው ፎቶ ይልኩልኛል። ቃሉ ካለ ፎቶው የዛሬ ነው። የአምናውን ልኮ የሚያታልለኝ የለም።

እስካሁን የሰጠኋቸው፦ ደመና፣ ማር፣ ጉንዳን፣ ፀሐይ፣ ቴምር (ጾም የገባ ቀን ነበር፣ አላስቻለኝም)።

ፀሐይ የሐሙስ ነው። ቄራ አካባቢ ያለው የሳሙና ፋብሪካ ሦስት መሣሪያ አለው። ጋን ውስጥ ያለው ፈሳሽ የት እንደደረሰ በጨረር የሚለኩ፣ በብረትና በእርሳስ የታሸጉ ከባድ ሳጥኖች ናቸው። የፋብሪካው የጨረር ደኅንነት ኃላፊ ዳዊት ሦስት ፎቶ ላከልኝ። ቃሉ ሦስቱም ላይ አለ፣ ቁጥሩም ልክ ነው። «በቦታው አለ» ብዬ ሦስት ጊዜ ምልክት አደረግኩና ፈረምኩ።

ፊደሉን ያየሁት ግን ዛሬ ነው። ቃሉን የላክሁለት በጽሑፍ ነው፤ ያነበበ ሰው እንዳለ ይገለብጠዋል። «ጸሀይ» ብሎ የጻፈው ያነበበ ሳይሆን የሰማ ሰው ነው። ማነው የሰማው?

ዳዊት ጋ ደወልኩ። ዝግ ነው። አምስት ጊዜ ሞከርኩ፣ አምስቱንም ዝግ።

እናቴ «ምን ሆነሽ ነው ስልክ ላይ የተጣድሽው?» አለችኝ። የፊደል ስህተት አገኘሁ አልኳት። አባቴ አስተማሪ ነበር፤ የሰርግ መጥሪያ ሳይቀር በቀይ እስክሪብቶ ያርም ነበር። «አይ፣ በአባትሽ ወጣሽ» ብላ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ማክሰኞ፣ ሚያዝያ 20

ከንቱ ጭንቀት ነው። ግማሹ አገር እንደዚያ ነው የሚጽፈው። ዳዊት ደክሞት ይሆናል።

አይ፣ አይደለም። የእጅ ጽሑፉም ሌላ ነው። ትልልቅ፣ ተጠንቅቆ የተጻፈ፣ ወረቀቱን ከዳር እስከ ዳር የሞላ።

የዛሬው ቃል «ድልድይ» ነበር። መስቀል ፍላወር ያለችው የጥርስ ሐኪም የራጅ መሣሪያዋ ላይ ለጥፋ፣ ከሥሩ ድልድይ ሥላበት ላከችልኝ። የበሽተኛው ወንበር ነጭ ጨርቅ ለብሷል። ስልኬ እንደዚህ ባሉ ክፍሎች ተሞልቷል፤ ሰው የሌለባቸው፣ መብራታቸው የጠፋ፣ መሐላቸው አንድ ቃል የተለጠፈባቸው። ከሰዓት በኋላ ጋደም ስል ይመጡብኛል። በአንዱ ገብቼ በሌላው እወጣለሁ፤ ከጥርስ ክሊኒኩ ስወጣ ፋብሪካው ውስጥ ነኝ። የማንም ኮቴ አይሰማም። ዛሬ ከአንድ በር ሥር ቀጭን ብርሃን ሲወጣ አየሁ። ላንኳኳ ስል እጄ አልነሳ አለኝ። ስነቃ አሥር ሰዓት ሆኗል፣ አፌ ደርቋል፣ እናቴ ውሃ ስትጠጣ እንዳላያት ጀርባዋን ሰጥታኛለች። ስኳር ስላለባት ሐኪሙ እንዳትጾም ከልክሏታል፣ እሷ ደግሞ አኩርፋለች።

ተነስቼ የፋብሪካው በር ስልክ ላይ ደወልኩ። ዘበኛው ጋሽ ይመር አነሱት። ስሄድ ሁልጊዜ ቦርሳዬን የሚፈትሹኝ ወሎዬ ሽማግሌ ናቸው፤ ድምፃቸውን ስሰማ ደስ አለኝ።

«ምንጮቹ ደኅና ናቸው?» አልኳቸው። እኛ መሥሪያ ቤት ጨረር የሚያወጣው ነገር «ምንጭ» ነው የሚባለው። ከመልመዴ የተነሳ ለሰው ሁሉ የሚገባ ይመስለኛል።

«ኧረ ልጄ፣ ውሃ ከጠፋ ሳምንቱ! በቦቴ ነው የሚመጣልን።»

ሳቅኩ። ስሜን ጠየቁኝ፣ ዘምዘም አልኳቸው። «ታዲያ የመካው ምንጭ አንቺው አይደለሽ እንዴ! ምን እኔን ትጠይቂኛለሽ?» ብለው እሳቸውም ሳቁ። ሳጥኖቹስ አሉ ወይ አልኩ። «አሉ፣ አብሽሪ። እየጠበቅኩ ነው» አሉኝ። ልቤ ረጋ። ስለ ጽሑፉ ሳልጠይቅ መቅረቴ ትዝ ያለኝ ስልኩን ከዘጋሁት በኋላ ነው።

ረቡዕ፣ ሚያዝያ 21

ጠየቅኳቸው።

«ጸሀይን የጻፍኩት እኔ ነኝ» አሉ፣ በኩራት። ከዚያ ነገሩን ቀስ በቀስ አወጣሁት። ሦስተኛው ጋን ለእጅ ማጽጃ አልኮል ተፈልጎ ነበር። መሣሪያውን ነቀሉት፣ አራት ሰው ሆነው በጋሪ ገፍተው በሩ አጠገብ ያለች ዕቃ ቤት አስገቡት። ለእኛ የነገረን የለም። ሐሙስ ዕለት ዳዊት ሁለቱን ራሱ ፎቶ አነሳ። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ትኩሳቱ ተነስቶበት ስለነበር ሽማግሌው አጠገብ መቅረብ ፈራ። ከግቢው ማዶ ቆሞ ቃሉን በስልክ ነገራቸው። ጻፉ፣ ለጠፉ፣ በበሩ ሞባይል ፎቶ አንስተው ላኩለት። እሱ ደግሞ ለእኔ። በማግስቱ ለይቶ ማከሚያ ገባ።

«አሁን ሳጥኑ የት ነው?»

«ከኔው ጋር ነዋ። ይጠብቁ ስለተባልኩ አልጋዬን አምጥቼ እላዩ ላይ ዘረጋሁት፣ በብሎኬት ከፍ አድርጌ። ማን ይደፍረዋል?»

ስድስት ሌሊት ተኝተውበታል።

ፎቶውን እንደገና ከፈትኩ። እነዚህ ሳጥኖች እጀታ አላቸው። እጀታው ወደ አንድ ወገን ሲዞር የጨረሩ መስኮት ይዘጋል፣ ወደ ሌላው ሲዞር ይከፈታል። ዝግ ከሆነ ብዙም አያሰጋም። ክፍት ከሆነ ግን ጋሽ ይመር ስድስት ሌሊት ሙሉ ጀርባቸውን ለጨረር ሰጥተው ተኝተዋል። እጀታው ፎቶው ላይ አይታይም። ወረቀቱ ሸፍኖታል። ለጥፉ ያልኩት እኔ፣ ቃሉን የመረጥኩት እኔ።

ወረቀቱን አንስተው ይዩልኝ ልል አፌን ከፈትኩና ዘጋሁት። «ጋሽ ይመር፣ አሁኑኑ ከዚያ ክፍል ይውጡ። ተመልሰው አይግቡ» አልኳቸው። የተሰጠኝን አደራ ጥዬ የት ልሂድ፣ ማህተም ያለው ደብዳቤ አምጪ አሉኝ። ለመንኳቸው። ላለቅስ ምንም አልቀረኝም፣ እሳቸውም ሳይሰማቸው አልቀረም። በመጨረሻ ተደራደርን። ግቢው ማዶ ካለው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ፣ እዚያው ይተኛሉ፤ ከዚያ ሆነው በሩን ያያሉ። «ከሩቅም መጠበቅ መጠበቅ ነው» አሉኝ። እንደሱ ነው አልኳቸው።

ከዚያ ከባዱ ስልክ። አለቃዬ ወይዘሮ ሰብለ ጋ ደውዬ ሳላጣራ ፈርሜያለሁ አልኩ። ብዙ አስቤበት ነበር እንዴት እንደምለው፤ ሲወጣ አንድ ዐረፍተ ነገር ሆነ። «መጀመሪያ ሰውየው። ያንቺን ጥፋት ኋላ እንጽፈዋለን። ነገ ጠዋት የጨረር መለኪያውን ይዤ እመጣለሁ» አሉ።

ሐሙስ፣ ሚያዝያ 22

ለእናቴ ስነግራት እንዳትወጪ ትለኛለች ብዬ ነበር። በዚህ ዕድሜዋ፣ በዚህ ስኳሯ፣ በሽታውን ይዤባት ብመለስስ? እሷ ግን ሽማግሌው ስድስት ሌሊት ተኝቶበታል ስላት «ታዲያ እዚህ ምን ታደርጊያለሽ?» አለችኝ። ስመለስ ጓሮ ሰርቪሷ ውስጥ ለብቻዬ ልከርም ተስማማን። ጫማዬን ሳስር «ርቀትሽን ጠብቂ፣ ሰርቪሷ ጋ እንዳትመጪ» አልኳት። እሺ አለች።

ወይዘሮ ሰብለ መኪናውን ራሳቸው እየነዱ መጡ። ኦሎምፒያ ላይ ታክሲ የሚጠብቁት ሰዎች ተራርቀው ቆመዋል፣ ፊታቸው ግማሽ ነው። ከተማው እንደ ሕልሜ ጭር ብሏል። መንገድ ላይ ሳለን ስልኬ ጮኸ፤ ትናንት እጀታው ዝግ ነው ወይ ብዬ የጻፍኩለት ዳዊት ነው። «መልእክትሽን አሁን አየሁ። ዘግቼዋለሁ» ይላል። እፎይ ልል ስል ሁለተኛው ገባ። «መሰለኝ» ይላል። ሦስተኛው ቄራ ስንደርስ መጣ። «ጋሽ ይመርን ከሳጥኑ ርቀት ይጠብቁ ብያቸዋለሁ እኮ።»

ለወይዘሮ ሰብለ አነበብኩላቸው። ርቀት ይጠብቁ። ሽማግሌው ከዳዊት ሳል መሐል የሰሙት «ይጠብቁ» የሚለውን ብቻ ነው።

ጋሽ ይመር በሩን ከመክፈታቸው በፊት እጃችንን አስታጠቡን። ያመጣንላቸውን ደብዳቤ በክንዳቸው ሙሉ አርቀው ይዘው ማህተሙን ብቻ አዩ። ከዚያ ወደ ዛፋቸው ሄደው ተቀመጡ።

መለኪያውን ይዤ ከፊት ገባሁ። ጠቅ። ዝምታ። ጠቅ። ያለ ምንጭም ይህን ያህል ይላል፣ አውቃለሁ። አንድ እርምጃ። አልጋው በብሎኬት ላይ ቆሟል፣ ብርድ ልብሱ በደንብ ተነጥፏል፣ ራስጌው ላይ መስገጃ ታጥፎ ተቀምጧል። መለኪያውን ከአልጋው በላይ፣ በትክክል ጀርባቸው የሚያርፍበት ቦታ ላይ ዘረጋሁት። ጠቅ ጠቅ አለ፤ ፈጠን አለ እንጂ አልጮኸም። ቁጥሩን አነበብኩ። ደግሜ አነበብኩ። ጎንበስ ብዬ ወረቀቱን ላጥኩት።

ዝግ ነው። ቁልፉም አለ፣ ተቆልፏል።

እዚያው ወለሉ ላይ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ጭምብሉ ውስጥ ማልቀስ ደግሞ ሲያስጠላ። ወይዘሮ ሰብለ በሩ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ኋላ ደጅ ወጥተው አሰሉት። ስድስቱ ሌሊት ለጤናቸው የሚያሰጋ አይደለም፤ ቢሆንም ሐኪም ያያቸዋል አሉ። ሳጥኑን አጥረን፣ ዕቃ ቤቱን ቆልፈን ቁልፉን ይዘን ወጣን።

ጋሽ ይመር ወረቀቱን እጄ ላይ ሲያዩት ፊታቸው ተለወጠ። «ጸሀይን አሳስቼ ነው እንዴ የጻፍኩት?»

«ኧረ በፍጹም። እንደ እርስዎ የጻፈው የለም» አልኳቸው።

ዓርብ፣ ሚያዝያ 23

ሰርቪሷ ጠባብ ናት፤ አልጋ፣ ጀሪካን፣ አንድ መስኮት። መዝገቡን አረምኩት። «ሦስተኛው በቦታው አልነበረም። ፎቶውን ሳላመሳክር ፈርሜያለሁ። ዘምዘም።» ማስጠንቀቂያ ይመጣልኝ ይሆናል። ይምጣ።

ከሰዓት በኋላ እነዚያ ክፍሎች እንደገና መጡ። ዛሬ በሮቹ ክፍት ናቸው። በእያንዳንዱ ክፍል የተነጠፈ አልጋ አለ፤ ሰው ግን አልተኛበትም። ደስ የሚል ሕልም ነው ማለት አልችልም፤ አላስፈራኝም።

ቅዳሜ፣ ሚያዝያ 24

ዳዊት ደወለ። ድምፁ ደክሟል፣ በየመሐሉ ትንፋሹ ይቆረጣል። ስለ ራሱ ሳይነግረኝ ጋሽ ይመር አመማቸው ወይ አለኝ። እስካሁን ደኅና ናቸው አልኩት። አንተስ ስለው መስመሩ ተቋረጠ፤ መልሼ ብሞክር አይሠራም።

ከሰኞ ጀምሮ አዲስ ደንብ፦ ወረቀቱ እጀታውን አይሸፍንም፣ ግድግዳውም ይታያል፣ የለጠፈው ሰው ስሙን ይጽፋል። ለቃሉ አንድ ዓይነት አጻጻፍ ብቻ ያለው ልምረጥ ብዬ ነበር፤ ተውኩት። የሰኞው ቃል «ዓሣ» ነው። እንደፈለጉ ይጻፉት።

ጉሮሮዬን ትንሽ ከርከር ያደርገኛል። ጾሙ ይሁን፣ ሌላ ነገር ይሁን አላውቅም። ለእናቴ አልነገርኳትም።

የመስጊዱ በር ዝግ ነው፤ አዛኑ ግን ይሰማል። እናቴ የማፍጠሪያዬን ሾርባ ደጄ ላይ አስቀምጣ የተመለሰች መስሎኝ ነበር። በመስኮት ሳይ ከግቢው ማዶ ወንበር አውጥታ፣ ነጠላዋን ተከናንባ፣ በሬን ትኩር ብላ እያየች ተቀምጣለች።

«እማ፣ እዚያ ምን ታደርጊያለሽ?» ብዬ ጮህኩ።

«ጠብቂ አላልሽኝም?» አለች። «እየጠበቅኩ ነዋ።»