የዳማ መዥገርና የግቢያችን ሣር

ለሙሉዬ፣ ካለሽበት ይድረስሽ፤

ከተለያየን ሁለት ዓመት ከአራት ወር ሆነን። ቀኑንም ጨምሬ ልጽፍልሽ እችል ነበር፤ ግን «አንተ ደግሞ የማትቆጥረው የለህም» ስትዪኝ ስለሚሰማኝ ተውኩት። ያለ አንቺ የገባ ሦስተኛው ክረምት ነው። መተማ እንደምታውቂያት ናት። ጠዋት ይዘንባል፣ ከሰዓት ደግሞ ዝናቡን የረሳች ይመስል ትጋላለች።

ልጃችን ሰላም ጎንደር ደህና ናት። በየእሑዱ ትደውልና ገና ሰላምታ ሳንጨርስ «አባዬ፣ በልተሃል?» ትለኛለች። ድምፅዋ እየዋለ እያደረ ያንቺን እየመሰለ ሄዷል። በስተሰሜን በኩል ያለውን የጣሪያ ቆርቆሮ አስቀይሬአለሁ፤ አሁን አያፈስም። ያንቺ የአንገረብ አልጋ ገመዱ ላልቶ ስለነበር እንደ አዲስ አስጠልፌዋለሁ። ማንም አይተኛበትም ብዬ አልዋሽሽም። ዳማ ከሥሩ ትተኛለች፤ እኔም አንዳንድ ቀን ከምሳ በኋላ ጎኔን አሳርፍበታለሁ።

ይህን ደብዳቤ የጀመርኩት ግን ስለ ቆርቆሮና ስለ አንገረብ ላወራሽ አይደለም። ስለ ውሾቻችን ነው። በሕይወት እያለሽ ያልነገርኩሽ አንድ ነገር አለ፤ ዘንድሮ ዳማ ስትታመም አወጣሁት። መምህር ነኝና በቅደም ተከተል ልሂድ።

መብረቅን ታስታውሻለሽ። ስሙን ያወጣሽለት አንቺ ነሽ፤ ሰማዩ በጮኸ ቁጥር ግን ከሁላችን ቀድሞ አልጋ ሥር የሚገባው እሱ ነበር። ጎረቤቱ ሁሉ ሲስቅበት አንቺ «ዝናቡ ያባራና ታዩታላችሁ» እያልሽ ትሟገቺለት ነበር። ጃርት ገጥሞ አፍንጫውን በእሾህ አስወግቶ የመጣ ዕለት በፒንሳ አንድ በአንድ የነቀልሽለት አንቺ ነሽ። እኔ እግሮቹን ይዤ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ስትጨርሺ «ይኸው፣ ሁለታችሁም አልሞታችሁም» አልሽን።

እህትሽን አራስ ልትጠይቂ ሳንጃ የሄድሽበት ክረምት ነው ነገሩ የሆነው። መብረቅን መዥገር ወረሰው። ከጆሮው ውስጥ፣ ከጣቶቹ መካከል፣ ከአንገቱ ሥር እየለቀምኩ ናፍጣ ውስጥ ብጨምረውም በማግስቱ ያው ነው። በዕቃ ቤት ለሰሊጡ ተባይ የገዛነው ኬሚካል ነበር። በዚህ አገር ሰው ለውሻው የሚያደርገውን ታውቂያለሽ፤ ሰሊጥ ረጭቶ ሲመለስ የመርጫው ታንክ ውስጥ በቀረው ውሻውን ያጥበዋል። እኔ ግን እንደዚያ በግምት የማደርግ ሰው አይደለሁም። መነጽሬን አድርጌ ጽሑፉን ሁለት ጊዜ አነበብኩ። ለአንድ ታንክ ውኃ ስንት ክዳን እንደሚገባ አየሁ፣ ለአንድ ባልዲ ስንት እንደሚደርስ አካፈልኩ፣ በመርፌ ለካሁ። ሙሉዬ፣ ስሌቱ ትክክል ነበር። ዛሬም ቢፈተሽ ትክክል ነው። ጽሑፉ የሚናገረው ግን ስለ ሰሊጥ ቅጠል ነበር፤ ቆዳ ስላለው፣ ራሱን ስለሚልስ ፍጡር አንድም ቃል አልነበረበትም። እኔ ደግሞ ስለዚያ አልጠየቅሁም።

ጠዋት አጠብኩት። ረፋድ ላይ ምራቁ ይዝረበረብ ጀመር። ከዚያ እግሮቹ ተንቀጠቀጡ፣ ታጠፉ። ከምሳ በፊት ሞተ። ከኒሙ ዛፍ ሥር ቀበርኩት፣ ባልዲውን ሦስት ጊዜ አጠብኩት፣ አንቺ ስትመለሺም «እባብ ነደፈው» አልኩሽ።

«የት ላይ ነደፈው?» አልሽኝ።

«እግሩን።»

«የትኛውን?»

«የኋላ ግራውን» አልኩሽ። ውሸቴንም እንደ ፈተና መልስ አሟልቼ ሰጠሁሽ።

አልተጨቃጨቅሽም። በማግስቱ ጠዋት ማጭድሽን ይዘሽ ወጣሽና ቤቱን ዙሪያውን ሣሩን ማጨድ ጀመርሽ። ከግድግዳው አንስተሽ አሥር እርምጃ ወደ ውጭ፣ በአራቱም ማዕዘን። መጨረሻው ላይ ድንጋይ ደረደርሽ። «ለምንድን ነው?» ብልሽ «እባብ እንዳይደበቅበት» አልሽኝ። ከዚያ ወዲያ ክረምት በገባ ቁጥር፣ ወገብሽ እያመመሽም፣ ሣሩ ጉልበት ሳይደርስ ታጭጂው ነበር። ሰው ልቅጠር ብልሽ «የሰው ማጭድ ከድንጋዩ አይደርስም፣ አጋማሽ ላይ ይደክመዋል» ብለሽ እምቢ አልሽ። እኔ በረንዳ ላይ ተቀምጬ አይሽ ነበር። በሌለ እባብ ምክንያት ስትጎነበሺ እያየሁ ስንት ጊዜ አፌን ከፍቼ እንደ ዘጋሁ አልቆጠርኩትም። ይህን ብቻ አልቆጠርኩም።

ዳማ የመጣችው ከዚያ በኋላ ነው። ከአብደራፊ በጭነት መኪና፣ በሰሊጥ ጆንያ ውስጥ አንገቷን ብቻ አውጥታ፣ አንቺ ጭን ላይ። ሆዷ በትል ተነፍቶ እንደ ከበሮ ነበር። አንቺ መድኃኒት አጥተሽ አታውቂም፤ ፈልገሽ አመጣሽ፣ አሻርሻት። ስትታመሚም መጨረሻ ላይ ከነገርሽኝ ነገሮች አንዱ ስለ እሷ ነበር። «ዳማን ለማንም እንዳትሰጥ፣ አንተም ተጠንቀቅላት» አልሽኝ። «ተጠንቀቅላት» ያልሽውን ያኔ እንደ ተራ አደራ ነው የወሰድኩት።

አንቺ ከሄድሽ በኋላ ሣሩን አላጨድኩም። እውነቱን ልንገርሽ፤ እባብ እንደሌለ ከእኔ የበለጠ የሚያውቅ ሰው አልነበረም። ስለዚህ ተውኩት። በመጀመሪያው ክረምት ጉልበት ደረሰ፣ በሁለተኛው ወገብ፣ ዘንድሮ ድንጋዮችሽን ዋጣቸው። ዳማ ከዚያ ሣር ውስጥ ገብታ ትወጣለች። ሰኔ ላይ መዥገር አየሁባት። ሐምሌ መጨረሻ ላይ ምግብ ተወች። ከዚያ አንድ ጠዋት ከአፍንጫዋ ደም ሲንጠባጠብ አገኘኋት። ጎኗን ስዳስሳት የጎድን አጥንቶቿን አንድ በአንድ መቁጠር ይቻል ነበር።

አዲሱን ታውቂዋለሽ፣ እርሻችንን በእኩል የሚያርስልንን። ያን ዕለት ሰሊጥ ሊረጭ መርጫውን በጀርባው አዝሎ መጣና ዳማን አያት።

«ወይ መምህር፣ ይቺማ መዥገር ጨረሳት እኮ! ቆይ፣ አንድ ጊዜ ልርጫት፤ እስከ ነገ አንድም አይቀርባት፣ ተማም፣ ደህና ትሆናለች» አለና የመርጫውን አፍ ወደ እሷ አዞረ።

«እንዳትነካት!» አልኩ። ማስተማር ካቆምኩ ወዲህ እንዲያ ጮኼ አላውቅም። አዲሱ የመርጫውን አፍ ወደ መሬት መለሰ።

«ምነው መምህር? እኔ እኮ የራሴን ውሾች ሁልጊዜ እንዲሁ ነው የማደርጋቸው።»

«ስንቱ ሞተ?»

ትንሽ አሰበ። «ሁለቱ» አለ፤ ቀጥሎም ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «እኔ ግን ሙቀቱ ነው ብዬ ነበር።»

እትዬ ስንዱ ጩኸቴን ሰምተው ከአጥር ወዲያ መጡ። ያንቺ ወዳጅ ናቸውና ብዙ አልጠየቁም፤ ነጠላቸውን አደግድገው «ባጃጅ ጥሩ፣ እኔ ጭንቅላቷን እይዛለሁ» አሉ። ወደ እንስሳት ክሊኒኩ ይዘናት ሄድን።

ሙሉዬ፣ ያን ሰልፍ ብታዪው! በሬ፣ ላም፣ ፍየል፣ አንድ አህያ፣ ከዚያ ደግሞ ከባጃጅ የምትወርድ ውሻ። በሬ የያዘ አንድ ገበሬ ገና ሲያየን «አቤት! እኔ በእግሬ መጥቼ ውሻ በባጃጅ!» አለ። ሌላው ተቀብሎ «ዝም በል፣ የመምህር ውሻ ናት፤ ሂሳብ ሳትችል አትቀርም» አለው። እትዬ ስንዱ ዞር ብለው «ከአንተ ትበልጥ ይሆናላ!» ሲሉት ሰልፉ በሙሉ ሳቀ።

ሳቁ ሲበርድ ግን ያልጠበቅሁት ነገር ሆነ። ያ ባለ በሬ ተጠግቶ የዳማን ጆሮ ገልጦ አየና «የእኔም እንዲህ ሆኖ ነበር» አለ። ከእርሻ ካምፕ እስከ ቤቱ ሲከተለው የነበረ ውሻ ነው አሉ፤ ጊንጥ ከንፈሩን ነድፎት ሦስት ቀን ፊቱ አብጦ የጅብ መስሎ ነበር፣ ያን ተርፎ በመዥገር ሞተበት። ፍየል የያዘች ሴት ደግሞ ውሻዋ የዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ተሰንቅሮ ለሃጩ ቢዝረበረብ፣ መንደሩ «አብዷል፣ ይገደል» ብሎ ዱላ ይዞ እንደወጣ ነገረችን። ሐኪም እስኪያየው ቤት ቆልፋበት፣ ደጃፏ ላይ ቆማ ነበር ያዳነችው። እያንዳንዱ ሰው አንድ ውሻ ነበረው። ከብት ሊያሳክሙ መጥተው የሚያወሩት ስለ ውሻ ሆነ።

ተራው እኔ ጋ ደረሰ። ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እኔም የባልዲውን ነገር ነገርኳቸው። ክዳኑን፣ ማካፈሉን፣ መርፌውን፣ እባቡን፣ የኋላ ግራ እግሩን። አዲሱም ተከትሎን መጥቶ ነበርና መሬት መሬት እያየ ሰማ። «ሚስቴ እባብ ነው እንዳለች ሞተች» ብዬ ጨረስኩ።

እትዬ ስንዱ የዳማን ጭንቅላት ጭናቸው ላይ እንዳስተኙ ቀና ብለው አዩኝ።

«መምህር፣ ሙሉ እኮ ታውቅ ነበር» አሉ።

«ምን አሉ?»

«ከሳንጃ የመጣች ዕለት ባልዲውን አንስታ ውኃ ልትቀዳ ስትል ሸተታት። ይዛልኝ መጣች፤ እኔም አሸተትኩት። ሣሩንስ ለእባብ ይመስልዎታል ያጨደችው? መዥገር ሣር ላይ ነው የሚጠብቀው። መዥገር ከሌለ መምህር ያን ዕቃ ዳግም አያነሳም ትለኝ ነበር።»

«ታዲያ ለምን አልነገረችኝም?» አልኳቸው።

«እርስዎስ ለምን አልነገሯትም?» አሉኝ።

በአርባ ዓመት የማስተማር ሥራዬ እንዲህ አጥጋቢ መልስ የሰጠኝ ተማሪ አላውቅም።

ሐኪሟ ወጣት ናት፣ እጇ ግን የማይንቀጠቀጥ። የዳማን ከንፈር ገልጣ ድዷን አሳየችኝ፤ እንደ ጠመኔ ነጥቷል። መዥገሩ ያመጣው የደም በሽታ መሆኑን፣ ዘግይተን ብንመጣ ኖሮ ተስፋ እንደማይኖራት ነገረችኝ። መርፌ ወጋቻት፣ ኪኒን ሰጠችን፣ ለውሻ ቆዳ የተሠራውን ማጠቢያ አሳየችን። አዲሱን ደግሞ መርጫውን ባያዝልም እንዳዘለ አድርጋ ገሠጸችው።

ኪኒኑን በማሽላ ገንፎ ጠቅልዬ አጎርሳታለሁ። የመጀመሪያዎቹን ቀናት ገንፎውን ትበላና ኪኒኑን በጥንቃቄ መሬት ላይ ታስቀምጥልኝ ነበር። ደብተር ከፍቼላታለሁ፤ ምን እንደበላች፣ ስንት ሰዓት ላይ እንደዋጠች፣ ድዷ ምን እንደሚመስል። በአምስተኛው ቀን ውኃ ጠጣች። በዘጠነኛው የእትዬ ስንዱን ዶሮ አባረረች፤ እትዬ ስንዱም ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ደስ አላቸው። ዛሬ ድዷ ቀይ ነው። ትድናለች አልልሽም፣ ድናለች።

አዲሱም ውሻውን ወደ ሐኪሟ ወስዶ አሳይቷል። በዕቃ ቤቱ በር ላይ በጠመኔ «ይህ መርጫ ለሰሊጥ ብቻ ነው» ብዬ ጽፌአለሁ። ዝናብ ሲያጠፋው እንደገና እጽፈዋለሁ። ሰው መጥቶ ሲጠይቀኝ የመብረቅን ታሪክ ከባልዲው ጀምሬ እነግረዋለሁ፤ እባቡን አላስገባም።

አንድ ነገር ብቻ ልጠይቅሽ አስቤ ተውኩት። ለምን ዝም እንዳልሽኝ ነው። እትዬ ስንዱ መልሰውልኛል፤ የቀረውን ደግሞ ድንጋዮችሽ። ከሣሩ ሥር ፈልጌ አወጣኋቸው፤ አንድም አልጎደለም። ባጠፋሁት ልትወቅሺኝ ስትችዪ፣ ዳግም እንዳላጠፋ መንገዱን ስትጠርጊልኝ ኖርሽ። ይቅርታ አድርጊልኝ ማለት ነበረብኝ፤ አሁን እላለሁ። ግን አንቺ በማጭድሽ ቀድመሽ የመለስሽልኝ ይመስለኛል።

ትናንት ጀምሬ ዛሬ ጨረስኩ። ማጭድሽን አስልቼ፣ ከግድግዳው አንስቼ፣ በአራቱም ማዕዘን አጨድኩ። ወገቤን አመመኝ፤ ይመመኝ። ዳማ ከኋላዬ እየተከተለች ያጨድኩትን ሁሉ አሽታ አረጋገጠች። ያንቺ አሥር እርምጃ በእኔ ስምንት ተኩል ነው፤ ለካሁት። የእኔ እርምጃ ረዥም ነውና ስምንት ተኩሉ ይበቃል። በሕይወት እስካለሁ፣ ክረምት በገባ ቁጥር፣ እኔ ግን የምሄደው አሥሩን ነው፤ ባንቺ ልክ፣ እርምጃዬን እያሳጠርኩ።

የእኔ የምትዪው፣
መምህርሽ